በጎቹ የተዉት

ግራና ከምትባለው ከተማ ገበያ መሐል ቆማችሁ በግ ማድለብ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ፣ አምስት ሰው አምስት አቅጣጫ አይጠቁማችሁም። ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሲራጅ ቤት ነው። ሲራጅም አይክድም። ትሕትና ደግ ነገር ነው፣ በሌላ በሌላው ሲራጅም ትሑት ሰው ነው። የበግ ነገር ሲነሳ ግን ትሕትናውን ከጫማው ጋር ደጃፍ ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ከሱ በረት ገብቶ ሳይሰባ የወጣ በግ አልታየም ባይ ነው፤ ታይቶም ከሆነ በሽታው የበጉ ሳይሆን ያየው ሰው የዓይን ነው።

ዕድሜው ስድሳን ረግጧል። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም፣ ደህና የማሾና የማሽላ ማሳ አለው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቶይባ የምትባል ምላሷ የሰላ ሚስት አለችው። ልጆቹ ተድረው ወጥተዋል። ታዲያ ሰውየው አንድ አመል አለበት፤ ብክነት አይወድም። አይወድም ስል አቃለልኩት መሰለኝ፤ የሚባክን ነገር ሲያይ ያመዋል። ሙሽራ አጅቦ እየሄደ እንኳ መንገድ ላይ የወደቀ የማሽላ ራስ ካየ ጎንበስ ብሎ አንስቶ ኪሱ ይከታል። ቶይባ ልብሱን ልታጥብ ስትል ከኪሱ የምታወጣው እህል ለዶሮዎቿ እራት ይበቃል። ስትቆጣው መልሱ አንድ ነው፤ ኢስራፍ ነው፣ አላህ የሰጠውን መድፋት ነው ይላታል።

ይህ አመል ከሜዳ አልመጣም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲራጅ ጎረምሳ ነበር። እርዳታ የጫኑ መኪኖች በመርሳ በኩል ሲያልፉ ከጆንያው ቀዳዳ ስንዴ ጠብ ጠብ ይላል። እናቱ ሰፌዷን ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጥና ስንዴውን ከአሸዋው ስታንገዋልል ትውላለች። ቀን ሙሉ ለፍታ የምታገኘው አንድ ጭብጥ ነው። ያን ጭብጥ ቀምሶ ያደገ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

እንግዲህ ሃና በእግሯ መጥታ የገባችው እዚህ ሰው ቤት ነው።

ሃና የወልድያ ልጅ ናት፤ በእንስሳት መኖ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። መሥሪያ ቤቷ የሰጣት የትምህርት ፈቃድ እስከ ሰኔ ማለቂያ ብቻ ነው። እስከዚያ ጥናቷን ጨርሳ ካላቀረበች ዲግሪው ይቀራል፤ ሌላ ዕድል የላትም። ይህን ለሲራጅ የነገረችው በረቱን ልትከራይ በመጣች በመጀመሪያው ቀን ነው። ልትመረምር ያሰበችው ነገር ደግሞ እሱንም ደስ አሰኘው። ፉርሽካ በገበሬ አቅም የማይደፈር ሆኗል፤ የማሾ ገለባ ግን በሀብሩ ወረዳ ከየደጁ ክምር ነው። ታዲያ ገለባው ፉርሽካን ተክቶ በግ ያደልባል ወይስ አያደልብም? «ያደልባል እንጂ!» አለ ሲራጅ ገና ሳትጨርስ። ሃና ሳቀችና እሱን በሚዛን ማየት ነው የፈለግነው አለችው።

ኅዳር ሲገባ ዐሥራ ስድስት ወንድ በጎች መጡ። ለያንዳንዱ በግ በእንጨት የተከለለ የራሱ ቦታና የራሱ ገንዳ ተሠራለት። ሁሉም የማሽላ አገዳ ይበላሉ፤ ስምንቱ ፉርሽካ፣ ስምንቱ የማሾ ገለባ ይጨመርላቸዋል። ዘጠና ቀን። ሃና በየአራት ቀኑ ከወልድያ ትመጣለች፤ በሌላው ቀን መጋቢውም መዛኙም ጸሐፊውም ሲራጅ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥሯል፣ ቁጥርም አያስቸግረውም። የሰጠችው ወረቀት አራት መስመር አለው፤ ቀኑ፣ የበጉ ቁጥር፣ የተሰጠው መኖ፣ በመጨረሻም በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ቃል። ምንድን ነው ቢላት፣ «ኦርትስ ይባላል፤ ትራፊ ማለት ነው» ብላ አለፈችው።

ደንቡን ስትነግረው ነው ነገር የተበላሸው። በጉ ሁልጊዜ ከሚጨርሰው በላይ ይሰጠው፤ ሁልጊዜ ይትረፈው። ጠዋት ከገንዳው የተረፈው ይሰብሰብ፣ ይመዘን፣ በአራተኛው መስመር ይጻፍ፣ ከዚያ ጉድጓድ ይጣል። ሲራጅ እንደ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። «ይጣል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን አንገቱ ቀጥ አለ። ለመጣል ብሎ የሚመግብ ሰው በዕድሜው አይቶ አያውቅማ! ቢሆንም የሰው ሥራ ነው፣ ደግሞም የተማረች ልጅ ናት ብሎ ዋጠው።

ስምንት ቀን ዋጠው። በዘጠነኛው ቀን ጉድጓዱ አጠገብ ሲያልፍ ዓይኑ ገባ፤ ወርቅ የመሰለ የማሾ ገለባ ተከምሮ ፀሐይ እየመታው ነው። የፉርሽካ በጎቹ ያስተረፉት ደረቅ አገዳ ስለሆነ ለማገዶም ይሆናል፤ ማሾው ግን የከብት ቀለብ ነው። የዚያን ቀን የዐስር ሶላቱን ሰግዶ ተነሳና አባቱ ያደርግ የነበረውን አደረገ። በቆርቆሮ ጣሳ ጨው በውሃ በጠበጠ፣ ስምንቱ በጎች ገፍተው የተዉት ገለባ ላይ ረጨው፣ በእጁ አገላበጠው። በጎቹ አፋቸውን ከገንዳው አላነሱም።

በማግስቱ ጠዋት የተረፈው ከእፍኝ አይበልጥም። ሲራጅ እፍኟን ሚዛን ላይ አስቀምጦ እቅጩን ጻፈ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ሚዛን ላይ አልዋሸም፣ ያየውን ነው የጻፈው። እንዲያውም ያቺ አራተኛ መስመር በየቀኑ ስታንስ ባየ ቁጥር ደረቱ እየሰፋ ሄደ። ልጅቱ በስተመጨረሻ አይታ ትደነቃለች፣ ያኔ ጣሳውን አሳያታለሁ ብሎ ወጠነ። የደለበ በግ ምስጢር ደግሞ ገና በጅምሩ አይወራም።

ሃና መጥታ ትራፊው ማነሱን ስታይ፣ በደንቡ መሠረት የሚሰጠውን ገለባ ጨመረች። ሲራጅም ጨው ጨመረ። እሷ ደግማ ጨመረች፤ እሱም ደገመ። እሷ እንዲተርፍ፣ እሱ እንዳይተርፍ፣ ሁለቱ ሳያውቁት እልህ ተያያዙ። መሐል ላይ ያሉት ስምንት በጎች ሆዳቸው ከበሮ አከለ፤ የውሃ ባልዲ ሲመጣላቸው ወገባቸውን ሰብረው ይገለብጡታል። ሃና ማሾ እንዲህ ያስጠማል ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ ሲራጅ ፈገግ ብሎ ውሃ የጠጣ በግ ይሰባል አላት። ውሸት አይደለም፤ መልስም አይደለም።

በአርባ ሰባተኛው ቀን ሃና እየሳቀች መጣች። ለቶይባ ስኳር ይዛለች። እስከዚያ ቀን የተሰበሰበውን ለአማካሪዋ አሳይታው ኖሮ፣ መምህሩ ማመን አቅቶት ደጋግሞ አየው አለች። የማሾው በጎች ከፉርሽካዎቹ እኩል እየሰቡ ነው፣ ያውም ገለባውን ጥርግ አድርገው እየበሉ። እንደ ጅምሩ ካለቀ ውጤቱ ከወልድያ አልፎ አገር የሚያዳርስ ነው። ሲራጅ ይህን ሲሰማ ደጁ ላይ ካለው ዋንዛ ጥላ ሥር ተደላድሎ ተቀመጠ። የጣሳው ወሬ ከምላሱ ጫፍ ደረሰ። ለመንደርደሪያ ያህል ግን ያቺን የአራተኛ መስመር ቃል አነሳ፤ ለመሆኑ ትራፊ ብቻ ማለት ናት ወይ?

ሃና ራሷም አንድ ቀን ገርሟት አጥንታው ኖሯል። ስልኳን አውጥታ እያነበበች ታጫውተው ጀመር። አሮጌ ቃል ነው፤ ዛሬ አብዛኛው እንግሊዛዊ ራሱ ሰምቶት አያውቅም። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከባሕር ማዶ ካሉት ጎረቤቶቻቸው የተወረሰ ይመስላል ይላሉ አዋቂዎቹ። ሲፈታ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ መብላት፣ ሌላው መቅረት። ተበልቶ የቀረ እንደ ማለት። ከብት ከገንዳው የሚተወው ድርቆሽ በሱ ይጠራ ነበር፤ ከሰው ማዕድ የሚተርፈው ፍርፋሪም እንዲሁ። ከዚያ ቃሉ ከሰዉ አፍ ጠፋ፤ አሁን አጥብቀው የያዙት የመኖ ተመራማሪዎች ናቸው።

ሲራጅ በጣም ወደደው። እነሱም አገር ማልዶ ተነስቶ ገንዳ የሚያይ ገበሬ ነበር ማለት ነው አለ። ቀጥሎ የጠየቃት ጥያቄ ግን መዘዝ ያለው ነበር። ባለቤቶቹ የረሱትን፣ ለዚያውም ጉድጓድ የሚጣለውን ነገር፣ እናንተ ምን ብላችሁ ነው በየጠዋቱ የምትመዝኑት?

«በግ አይናገርም እኮ፣ አባ ሲራጅ» አለች ሃና። «የቱን ወደድክ፣ የቱን ጠላህ ብለን አንጠይቀውም። የሚነግረን በተወው ነው። የኔ ጥናት እንዳለ የቆመው በዚያች በአራተኛዋ መስመር ላይ ነው።»

የጣሳው ወሬ ከሲራጅ ጉሮሮ ተመልሶ ወረደ። ሃና ቶይባን ተሰናብታ፣ በጎቹን አንድ በአንድ አይታ፣ ደስ እንዳላት ሄደች። እሱ ከዋንዛው ሥር አልተነሳም። ከዘጠነኛው ቀን ጀምሮ በጎቹ ሊናገሩ ሲሉ አፋቸውን በጨው ሲዘጋ መክረሙ ነው።

ለቶይባ ነገራት። ቶይባ ስትቆጣ ብዙ የምትናገር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን የተናገረችው አንድ ተረት ብቻ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አለችውና ወደ ጓዳ ገባች። ሲራጅ ቢሰድቡት ይመርጥ ነበር።

ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ይህንንም አስቦታል። ማን ያውቃል? ጣሳው አይናገር፣ በጎቹ አይናገሩ። ልጅቱ ዲግሪዋን ትይዛለች፣ እሱም ይመሰገናል። ግን ከቤቱ በላይ እታፈራሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት አለችው። የሃና ጥናት ካለቀ ሁለት በግ ልገዛና በማሾ ገለባ ላደልብ ነው እያለች ከወዲሁ ታወራለች። በሱ ጨው የተጻፈውን ቁጥር ተማምና ፉርሽካውን ስትተውና በጎቿ ሲከሱባት ታየው። ደግሞስ መንደሩ በድንበር ሲጣላ ሲራጅን የሚጠራው ለምንድን ነው? እሱ ያለው ውሸት የለበትም ብሎ አይደል? ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ ቁርጡን አውቆ ነበር። ደወለላትና ነገ ነይ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሃና ስትደርስ ጣሳው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ነበር የጀመረው።

«ልጄ፣ ያ ውጤት ውሸት ነው» አላት። «በጎቹ ገለባውን ወደው አልጨረሱትም። ከዘጠነኛው ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጨው እየረጨሁ ያስጨረስኳቸው እኔ ነኝ። ሲጣል ማየት አቅቶኝ ነው። ሥራሽን እንደማበላሽ አላወቅኩም፤ አለማወቄን ግን ሰበብ አላደርግልሽም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሃና ጣሳውን አየች፣ በጎቹን አየች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ሲራጅ ልጆቹ ሲያለቅሱ የሚያደርገውን ያውቃል፤ የሌላ ሰው ልጅ በሱ ጥፋት ስታለቅስ ግን የሚገባበት ጠፋው። ሃና እንባዋን ጠርጋ፣ በጎቹን ከጨው ለማጽዳት ሁለት ሳምንት፣ እንደገና ለመጀመር ዘጠና ቀን እንደሚያስፈልግ በጣቷ ቆጠረች። ቀኑስ ለጥቂት ይደርስ ነበር። የማሾ ገለባው ግን ከግማሽ በላይ ተበልቷል፣ የቀረው አይበቃም፤ በዚህ ወቅት ከየት ይመጣል?

«ገለባ ከኔ» አለ ሲራጅ።

ከቤቱ ጓሮ ለበሬዎቹ የበጋ ቀለብ የከመረው የማሾ ገለባ ነበር። በሬዎቹን በማግስቱ ራሱ እየነዳ ሐራ ወዳለችው እኅቱ ዘንድ ወሰዳቸው፣ ዝናብ እስኪጥል እዚያ ይቆዩ ብሎ። እኅቱ ምን ሆነህ ነው ስትለው፣ የራሴን ጥፋት እየቀለብኩ ነው አላት። ሲመለስ ጣሳውን ለቶይባ ሰጥቶ የማላገኝበት ቦታ ደብቂልኝ ብሎ ለመናት። እጁን ያውቀዋላ!

ጥር ሲገባ ሁለተኛው ዘጠና ቀን ተጀመረ። ጠዋት ገንዳው በትራፊ ተሞልቶ ሲያየው አሁንም ዓይኑ ጣሳውን ይፈልጋል። አንድ ቀን አላስችል ብሎት፣ ከተመዘነ በኋላስ ምን ችግር አለው ብሎ ሃናን ጠየቃት። ምንም ችግር የለውም አለችው፤ አንዴ ከተመዘነ ለፈለጉት ይስጡት። ሁለቱም ተያዩ። በኅዳር ጠይቋት ቢሆን፣ ወይ እሷ አስባ ነግራው ቢሆን፣ ያ ሁሉ መከራ ባልመጣ ነበር። ለእሷ ትራፊ ማለት ቁጥር ነበር፤ ጉድጓድ ስትል ስለ ገለባው ለአፍታ አላሰበችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተመዘነው ሁሉ ለእታፈራሁ ላም ሆነ። ከመመዘኑ በፊት ግን ወፍ ዝር አይልበትም። እታፈራሁ አንድ ቀን ማልዳ መጥታ ከገንዳው ልታነሳ ብትል፣ ሲራጅ ክንዷን ያዘና ቆይ፣ ገና አልተናገሩም አላት። ሰውየው ጃጀ ብላ ለመንደሩ አወራችው።

በጎቹም ተናገሩ። የማሾውን ቅጠል ለቅመው በልተው ወፍራም ወፍራሙን ግንድ ትተዋል። ሰብተዋል፤ እንደ ፉርሽካዎቹ ግን አይደለም። ሲራጅ የተተወውን ግንድ በእጁ እያገላበጠ ብዙ አየው። አርባ ዓመት ሙሉ በግ ማሾ ወዶ ይጨርሳል ሲል ኖሯል፤ ለካ የወደዱት ጨዉን ነው። ይህንንም አልደበቀም። ግራና ገበያ ላይ ለጠየቀው ሁሉ፣ ቅጠሉ በአውድማ ላይ እንዳይረግፍባችሁ ጠብቁ፣ ግንዱን ግን አትመኑት፣ እኔም ተሳስቼ ነበር ይላል። ሲራጅ ተሳስቼ ነበር ሲል ገበያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ።

በሰኔ ሃና ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። እንዲመጣ ለመነችው። ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ጥምጥሙን አሳምሮ፣ ከመርሳ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወልድያ ገባ፤ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሃና ጥሩ ተናገረች። የሚወረወረው ቁጥር ሁሉ ባይገባውም በጎቹን ያውቃቸዋልና ተከተላት። ሦስት መምህራን ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። ከሌላ ከተማ የመጣው ፈታኝ ገጽ ሲገልጥ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። የመጀመሪያው አርባ ሰባት ቀን በአያያዝ ጉድለት ተጥሏል ይላል እዚህ፤ የማን ጉድለት ነው? ሥራውን በቅርብ ሳትከታተይ ቀርተሽ ነው ሲል ጠየቃት።

ሃና ወደ ኋላ ወንበር አላየችም። አዎ፣ የኔ ጉድለት ነው አለች።

ፈታኙ እስክሪብቶውን አነሳ። ተመራማሪ የሚለካው በዚህ ነው፣ ግማሽ ሥራውን በቸልታ የሚጥል ሰው ቀሪውንስ እንዴት እናምነዋለን አለ። ሃና እጆቿን አቆላልፋ ቆማለች። የለፋችበት ዓመት በሙሉ ያቺ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነው።

ሲራጅ ተነሳ። ማንም ዕድል አልሰጠውም፤ ሽማግሌ ሲነሳ ደግሞ ወልድያ ላይ ተቀመጥ የሚለው የለም።

«ጌታዬ፣ ልጅቱ ስሜን ልትሸፍን ነው» አለ። «ከብት የተወው ነገር ተመዝኖ ይጻፋል ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያን አርባ ሰባት ቀን ያበላሸሁት እኔ ሲራጅ ነኝ፤ ጨው ረጭቼ ነው። ነግሬያት እንደገና ጀመረች፤ ቸል ያለ ሰው እንደገና አይጀምርም። ያ የተጣለው ቀንም ትራፊ ነው፤ ዝም ብላችሁ አትጣሉት። መዝኑትና በስሜ ጻፉት።»

ፈታኙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ስለ ጨዉ ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩን አለው። ሲራጅ ከጣሳው እስከ እታፈራሁ ላም ድረስ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው፤ መሐል ላይ የሳቁበት ቦታም ነበር። ሃና በዚያው ቀን አለፈች። እርማት ተብሎ የታዘዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተጣለው አርባ ሰባት ቀን በሙሉ፣ የጨዉ ነገር ከነምክንያቱ፣ በወረቀቱ መጨረሻ ተጽፎ ይግባ ተባለ።

ያ ገጽ ዛሬ ሲራጅ ቤት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው፤ የሰቡትን በጎች ቀጥሎ።